ጓያ ብቻውን ሲበላ

ባሕር ዳር ረቡዕ ወይም አርብ ምሳ ሰዓት ላይ ሽሮ ቤት ገብቶ ወንበር ማግኘት ዕድል ይጠይቃል። ሽሮው በሸክላ እየተንፈቀፈቀ ይመጣል። አፉ እንደሚቃጠል እያወቀም የሚታገስ ሰው የለም። ቅቤ የለበት፣ ሥጋ የለበት፣ እንቁላል የለበት። ታዲያ ምኑ ነው እንዲህ ጣት የሚያስቆረጥመው?

በርበሬው ነው የሚል አለ። ነጭ ሽንኩርቱ ነው የሚል አለ። የእኔ መልስ ትንሽ የሙያ በሽታ አለበት፤ እንጀራዬ ላብራቶሪ ውስጥ ነው። ግሉታሜት ነው እላለሁ። ጓደኞቼ ይህን ቃል ስለጠገቡት ሽሮው ሲቀርብ "ግሉታሜቱ መጣ" እያሉ ይሳለቁብኛል። ይሳለቁ። ዛሬ ስለሱ በደንብ ልጻፍ፤ ምክንያቱም ከሽሮ ተነስቶ ፎገራ ሜዳ፣ ጓያ ማሳ ውስጥ የሚያደርስ ወሬ አለው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ግሉታሜት አሚኖ አሲድ ነው። የሰውነታችን ፕሮቲኖች የሚገነቡት ከ20 ዓይነት አሚኖ አሲዶች ነው፤ ግሉታሜት ከእነሱ አንዱ ነው። ብርቅ አይደለም። ስንዴ ውስጥ ሞልቷል፤ አተርና ባቄላ ውስጥም፣ ወተት ውስጥም፣ አሳ ውስጥም፣ የገዛ ጡንቻችን ውስጥም አለ። መጀመሪያ የለየው ሪትሃውዘን የሚባል ጀርመናዊ ኬሚስት ነው፤ 1866 ላይ፣ ከስንዴ ፕሮቲን። ባንበላው እንኳ ሰውነታችን ራሱ ስለሚሠራው ጠፋ ብሎ የሚጨነቅለት ሰው የለም።

ጣዕሙን የደረሰበት ግን ሌላ ሰው ነው። ኪኩናኤ ኢኬዳ የቶኪዮ ፕሮፌሰር ነበር። 1908 ላይ ከባሕር ውስጥ ተክል የሚሠራ ሾርባ ለምን እንደሚጣፍጥ ሊያውቅ ፈለገ። ተክሉን ቀቅሎ፣ አጣርቶ፣ መጨረሻ ላይ ነጭ ዱቄት እጁ ገባ፤ ግሉታሜት። ጣዕሙ ጣፋጭ አይደለም፣ ኮምጣጣ አይደለም፣ ጨው ጨው አይልም፣ አይመርም። አፍን የሚሞላ፣ ምራቅ የሚያስውጥ ነገር ነው። ምላሳችን ይህን ጣዕም ብቻ የሚለይበት ተቀባይ እንዳለው በኋላ ተረጋገጠ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ግሉታሜት ፕሮቲን ውስጥ ታስሮ ሳለ ጣዕም የለውም። የሚጣፍጠው ነጻ ሲወጣ ነው። ቲማቲም እየቀላ፣ እየበሰለ በሄደ ቁጥር ነጻው ግሉታሜት ይጨምራል። እናቶቻችን ቁሌት ላይ ያን ያህል ጊዜ የሚያጠፉት፣ ሽንኩርቱንና ቲማቲሙን እስኪሟሽሽ የሚያቁላሉት በከንቱ አይደለም፤ ውሃው ሲተን ጣዕሙ ይጠራቀማል። የጣና አሳ ወጥም ከዚሁ የተለየ አይደለም። የአሳ ሥጋ ኢኖሲኔት የሚባል ጣዕም ሰጪ አለው፤ 1913 ላይ የለየው የኢኬዳው ተማሪ ኮዳማ ነው። ኢኖሲኔትና ግሉታሜት ሲገናኙ ደግሞ እያንዳንዳቸው ለብቻቸው ከሚሰጡት በብዙ እጥፍ ይጣፍጣሉ። ሐይቁ ዳር ቁጭ ብሎ በቲማቲም የተሠራ ቆሮሶ የበላ ሰው ማስረጃ አይጠይቀኝም። አሳ በጾም ይበላል፣ አይበላም የሚለውን ክርክር ግን ዛሬ አልነካውም፤ ከዘመዶቼ ጋር በሰላም መኖር እፈልጋለሁ።

የመጀመሪያው ግሉታሜታችን ግን ሽሮ አይደለም። የእናት ጡት ወተት ውስጥ ከፕሮቲን ነጻ ሆነው ከሚገኙት አሚኖ አሲዶች ሁሉ በብዛት አንደኛው ግሉታሜት ነው። ሕፃኑ ገና በርበሬ ሳያውቅ ይህን ጣዕም ለምዶታል።

ይህን ሳወራ የሚከተለው ጥያቄ ሁሌ አንድ ነው፤ "ታዲያ ሱቅ የሚሸጠው ግሉታሜት ያለበት የወጥ ማጣፈጫ አንጎል ይጎዳል የሚባለውስ?" ባጭሩ ልመልስ። የምንበላውን ግሉታሜት አብዛኛውን የአንጀታችን ሴሎች እዚያው ለጉልበት ያቃጥሉታል። ደም ውስጥ የገባውም ቢሆን አንጎል በቀላሉ አያሳልፈውም። ሰው ማጣፈጫ ሲያበዛ እኔን የሚያሳስበኝ ጨውና የደም ግፊቱ ነው።

ላብራቶሪ ውስጥ ደግሞ ከግሉታሜት ጋር በየቀኑ እንገናኛለን። ጉበት ሲጠረጠር ሐኪሙ ኤስጂፒቲ የሚባል ምርመራ ያዛል። ወረቀቱ ላይ ቁጥሩን አይታችሁት ይሆናል። ይህ ኢንዛይም ሥራው ማቀባበል ነው። ጡንቻ የላከው አላኒን የሚባለው አሚኖ አሲድ የተሸከመውን ናይትሮጅን ይነጠቅና ግሉታሜት ይሠራበታል። ከዚያ ናይትሮጅኑ ወደ ዩሪያ ተለውጦ በሽንት ይወጣል። የጉበት ሴል ሲጎዳ ኢንዛይሙ ወደ ደም ይፈስሳል፤ እኛም ቁጥሩ ከፍ ብሎ እናገኘዋለን። ሰው ወረቀቱን ይዞ "ጉበቴ እንዴት ነው?" ሲለኝ ሐኪሙ ያስረዳዎታል ብዬ ከመሸኘት ውጪ ሥልጣን የለኝም።

አንጎል ውስጥ ግን ግሉታሜት ሌላ ሰው ነው።

አንዱ ነርቭ ሌላውን "ተነስ!" የሚለው በአብዛኛው በግሉታሜት ነው። ይህን መስመር ስታነቡ፣ ጣታችሁ ስልኩ ላይ ሲንሸራተት፣ የልጅነት ጓደኛችሁ ስም ድንገት ትዝ ሲላችሁ፣ በየነርቮቹ መገናኛ ላይ ግሉታሜት ይረጫል። "ተረጋጋ" የሚለው መልእክት የሚተላለፈው ጋባ በሚባል ሌላ ነገር ነው። ጋባ ራሱ ግን ከግሉታሜት ነው የሚሠራው፤ አንድ እርምጃ ብቻ ነው የሚለያቸው። ማነሳሻውም ማረጋጊያውም የሚቀዳው ከአንድ ጋን ነው ማለት ነው።

ትልቁ ሥራ ማጽዳቱ ነው። መልእክቱ እንደደረሰ ግሉታሜቱ ከመገናኛው ቶሎ መነሳት አለበት። አስትሮሳይት የሚባሉ አጋዥ ሴሎች አሉ። በሰከንድ ሽርፍራፊ ውስጥ ጠርገው ይወስዱትና ወደማይጎዳ ግሉታሚን ለውጠው ለነርቩ ይመልሱለታል። ነርቩ እንደገና ግሉታሜት ያደርገዋል። ቀኑን ሙሉ፣ ሌሊቱን ሙሉ እንዲህ ነው።

ካልጸዳስ? 1954 ላይ ሃያሺ የተባለ ጃፓናዊ ግሉታሜትን በቀጥታ የእንስሳ አንጎል ላይ ሲያደርግ እንስሳው ተንዘፈዘፈ። 1969 ላይ አሜሪካዊው ጆን ኦልኒ አዲስ የተወለዱ አይጦችን ግሉታሜት በብዛት ወጋቸው፤ የተወሰኑ የአንጎል ነርቮቻቸው ሞተው ተገኙ። ስለ ማጣፈጫ የሚወራው ፍርሃት ብዙው ከዚህ ይነሳል። ኦልኒ ያስተማረን ዋናው ነገር ግን ሌላ ነው። ነርቭ ያለ ፋታ ሲነሳሳ ካልሲየም ወደ ውስጡ ይጎርፋል፤ ካልሲየሙ ሴሉን ከውስጥ ያፈርሰዋል። ደም ወደ አንጎል ሲቋረጥ፣ ማለትም ስትሮክ ሲመታ፣ ከሚደርሰው ጉዳት ከፊሉ በዚሁ መንገድ ነው የሚመጣው።

አሁን ወደ ፎገራ እንሂድ።

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወስደውን አስፋልት ይዛችሁ ወረታ ስትደርሱ ጣና በግራችሁ ነው፤ ሜዳው ጥቁር ዋልካ አፈር ነው። ክረምት ውሃ ይተኛበታል። ያደግኩት እዚያ አካባቢ ነው። ሩዙ ሊታጨድ ሲል እርጥበቱ ላይ ጓያ ይበተናል። ማረስ የለ፣ ማረም የለ፣ ዝናብ መጠበቅ የለ። አፈሩ ውስጥ በቀረችው እርጥበት ብቻ ይበቅላል። ሲያብብ ሜዳው ሰማያዊ ይሆናል፤ በጣም ያምራል። ጎርፍ ይችላል፣ ድርቅ ይችላል። ጤፉ ሲቀር፣ ሽምብራው ሲጠወልግ፣ እሱ ቆሞ ይገኛል።

ፍሬውን ሰፌድ ላይ ስትለቅሙት ቶሎ ትለዩታላችሁ። እንደ አተር ድቡልቡል አይደለም፤ ማዕዘን አለው፣ አንድ ጎኑ ሾል ይላል፣ ቀለሙ ግራጫ ሆኖ ነጠብጣብ አለበት። ገበያ ላይ ከሽምብራ ይረክሳል። ፕሮቲኑ ሞልቷል። ሽሮውም ይጣፍጣል፤ ይህን መካድ አልችልም።

ውስጡ ግን ኦዳፕ የሚባል ነገር አለ። 1964 ላይ የሕንድ ተመራማሪዎች ናቸው የለዩት። ኦዳፕም አሚኖ አሲድ ነው፤ ግን ፕሮቲን ለመሥራት አያገለግልም። መልኩ ግሉታሜትን ይመስላል። በጣም ስለሚመስለው የነርቭ ተቀባዩ አይለየውም፤ ግሉታሜት መጣልኝ ብሎ ይነሳሳል። ባጃጅ ጥሩምባ ሲነፋ አንዴ "ጢጥ" ይላል፣ መንገዱ ይለቀቅለታል፣ ያበቃል። ጥሩምባው ተጣብቆ አልለቅ ሲል ግን ምን እንደሚሆን የባሕር ዳር ሰው ያውቃል። ኦዳፕ ነርቩ ላይ የሚያደርገው ይህንን ነው። ቀድመው የሚጎዱት ደግሞ ከአንጎል ተነስተው በጀርባ አጥንት ውስጥ ረጅም መንገድ ወርደው እግርን የሚያዝዙት ነርቮች ናቸው።

አንድ ቀን ጓያ በልቶ ማንም አልታመመም። በሽታው የሚመጣው ከዕለት ምግቡ ሲሶ ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ ጓያ ሆኖ ወራት ሲቆጠሩ ነው። ብዙ ጊዜ ከከባድ የጉልበት ሥራ በኋላ ድንገት ይጀምራል። ሰውየው ጠዋት ሊነሳ ሲል እግሩ ይከብደዋል፣ ይንቀጠቀጣል። ከዚያ ጉልበቱ ይደርቃል። በእግሩ ጣቶች ጫፍ ይራመዳል፤ እግሮቹ ሲራመድ ይጠላለፋሉ። አንድ ዱላ ይይዛል፣ ከበረታበት ሁለት፣ ከዚያ ካለፈ መዳህ ነው። ከሴቶች ይልቅ ወጣት ወንዶችን ያጠቃል። መድኃኒት የለውም። ጓያውን ካቆመ በአብዛኛው አይብስበትም፤ ግን አይመለስለትም።

ወረታ ላይ ጫማ የሚሰፋ ሰው ነበር፤ "ጓያ ሰብሮት ነው" ይባላል። ሁለት ዱላው ከጎኑ ተጋድሟል። መርፌውን ሲይዝ እጁ አይንቀጠቀጥም። ማን ስንት ብር እንዳለበት ወረቀት ሳያይ ይነግራችኋል። እግሩን እሾህ ቢወጋው ይሰማዋል። ልጅ ሆኜ ግራ የሚገባኝ ይህ ነበር፤ የሚሰማው እግር እንዴት አይታዘዝም? አሁን መልሱን አውቀዋለሁ። የተጎዳው ትእዛዝ የሚያወርደው ነርቭ ነው። ስሜት የሚያወጣው ሌላ ነው፣ የሚያስበውም ሌላ ነው።

አያቴ ስለ ጓያ ብዙ ሕግ ነበራት። "እንፋሎቱን አትቅረቡ። ማሳው ውስጥ አትተኙ። ውሃውን ድፉት።" አንድ ቀን "እምዬ፣ እንፋሎቱ ምን ያደርጋል?" ብላት "እግር ይይዛል አልኩህ፤ ዞር በል ከዚያ!" ብላኝ ጨረሰች። በእንፋሎቱና በማሳው ላይ ሳይንስ ከእሷ ጋር አይስማማም፤ በሽታው በአፍ ነው የሚገባው። ውሃውን መድፋቷ ግን ትክክል ነበር። ኦዳፕ ውሃ ውስጥ ይሟሟል። ዘፍዝፎ ማሳደር፣ ውሃውን ደፍቶ በሌላ ውሃ መቀቀል መርዙን ይቀንሰዋል። ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም፤ ይቀንሰዋል።

የእኛ ሀገር ብቻ ችግር አድርገን እንዳናየው አንድ ታሪክ ልጨምር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ ከ1942 ወደ 1943 በተሻገረው ክረምት፣ ሮማኒያ በያዘችው የዩክሬን ምድር ቫፕኒያርካ የሚባል የእስረኞች ካምፕ ነበር። አይሁድ እስረኞችን ጓያ መገቧቸው፤ በየቀኑ፣ ከሱ ጋር የሚቀርበውም ነገር ከቁጥር የማይገባ። በጥቂት ወራት ውስጥ ብዙዎቹ ሽባ ሆኑ። ራሱ እስረኛ የነበረው ዶክተር አርተር ኬስለር ነው ምክንያቱን የደረሰበት።

ወደ እኛ ስንመጣ፣ በ1970ዎቹ ጣና ሰሜን ዳር ደንቢያ አካባቢ በሽታው በወረርሽኝ መልክ ታይቷል። የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቹ በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ገጠር ቤት ለቤት ዞረው በሽታው ምን ያህል እንደተስፋፋ አጥንተው 1990 ላይ አሳትመዋል። በ1990ዎቹም ወሎ ደላንታ ላይ ድርቅን ተከትሎ ሌላ ወረርሽኝ ተነሳ።

ከሁሉም በላይ የወደድኩት ጥናት ግን 2003 ላይ በላንሴት የሕክምና መጽሔት የወጣው ነው። ዶክተር ኃይለየሱስ ጌታሁንና ባልደረቦቹ ነበሩ ያጠኑት። ጥያቄያቸው የማዕድ ቤት ጥያቄ ነው፤ ጓያው እንዴት ሆኖ ተበላ? ቆሎ አድርጎ፣ ንፍሮ አድርጎ፣ ወይም እሸቱን የበላ ሰው የመታመም ዕድሉ ከፍ አለ። በእንጀራ፣ በቂጣና በሽሮ መልክ የበላው ላይ ግን ከፍ ብሎ አልታየም። ከእህል ጋር የተቀላቀለ ከሆነ፣ ሽሮውም ቅመም የገባበት ከሆነ፣ አደጋው ጭራሽ ቀነሰ።

ለምን? ጓያ ድኝ ያለባቸው አሚኖ አሲዶች ያንሱታል፤ ሜቲዮኒንና ሲስቲን። እህሎች ደግሞ እነዚህን ይዘዋል። ሲስቲን ሴሎቻችን ራሳቸውን ከጉዳት የሚከላከሉበትን ግሉታታይን የሚባል ነገር ለመሥራት ያስፈልጋል። ግሉታታይን የሚሠራው ከሦስት አሚኖ አሲዶች ነው። ሲስቲን አንዱ፣ ግላይሲን ሁለተኛው። ሦስተኛው ራሱ ግሉታሜት ነው። ኦዳፕ የሚመስለው ግሉታሜት መከላከያውም ውስጥ አለ ማለት ነው። ይህን መጀመሪያ ሳነብ ጮክ ብዬ ሳቅሁ፤ ቢሮ ውስጥ የነበሩት ሰዎች ዞረው አዩኝ።

አሁን ያንን የምግብ ዝርዝር በድሃ ዓይን እዩት። ቆሎው፣ ንፍሮው፣ እሸቱ የማን ምግብ ነው? ማሳ ላይ የሚውል፣ ሽንኩርት መግዣ የሌለው፣ ወፍጮ የሚከፍለው ያጣ፣ ለሁለተኛ ዙር መቀቀያ እንጨት የሌለው ሰው ምግብ ነው። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ገብቶበት፣ በጤፍ እንጀራ የሚበላው ሽሮ ግን ያው ጓያ ቢኖርበትም ሌላ ነገር ነው። ጓያ ሰበረው ስንል ስሙን የምናነሳው የእህሉን ነው። እኔ ግን ከእህሉ ይልቅ ብቸኝነቱ ነው የሰበረው ባይ ነኝ፤ ሰውየው ሌላ የሚበላው ስላልነበረው ነው።

ስለዚህ ቅዳሜ ገበያ ሻጯ "ንጹህ የሽምብራ ነው፣ ጓያ የሚባል የለበትም፣ ልማልልህ?" ስትለኝ አላስምላትም። ትንሽ ጓያ የተቀላቀለበት ሽሮ እንጀራ፣ ጎመንና ምስር በሚበላ ቤት ውስጥ አያስፈራኝም። መሐላው ውስጥ ያለውን ስድብ ግን አልወድም፤ ጓያ በላተኛ ብሎ ገበሬን መናቅ ከተማችን ውስጥ አሁንም አለ።

መፍትሔው መርዙ ዝቅ ያለ ዘር ነው የሚሉ አሉ። እንዲህ ያለ ዝርያ ተመርምሮ ወጥቷል፤ ጥሩ ሥራ ነው። ነገር ግን ሁለት እንቅፋት አለበት። ንብ ከአበባ አበባ እየዞረች ከጎረቤት ማሳ ጋር ታዳቅለዋለች፤ ዘሩ ሳይቀላቀል ብዙ ዓመት አይቆይም። ሁለተኛው ይከፋል። የኦዳፕ መጠን በዘሩ ብቻ አይወሰንም፤ አፈሩና አየሩም ይወስኑታል። ተክሉ በድርቅ ሲጨነቅ መርዙን ይጨምራል። ሌላ እህል በጠፋበት ዓመት፣ ሰው ጓያ ላይ ብቻ በሚወድቅበት ዓመት ማለት ነው።

እነ ዶክተር ኃይለየሱስ ያንን ጥናት ሲያሳትሙ ያቀረቡት ሐሳብ ለዚህ ይመስለኛል ቀላል የሆነው። ድርቅ ሲመጣ ጓያ በሚበላበት አካባቢ የእርዳታ እህል ይድረስ፤ ጓያውን እንዲተካ ሳይሆን እንዲቀላቀልበት። ስንዴም ይሁን በቆሎ። ወቅቱን ደግሞ ማንም የፎገራ ገበሬ ይነግራችኋል፤ ጓያው ከተወቃ በኋላ፣ ክረምቱ ሳይገባ፣ ጎተራው ውስጥ ሌላ ነገር የማይኖርበት ጊዜ ነው።